እዚያ ያለው ሁሉ ይምጣልኝ

ይሄ ተረት አይደለም። እዚሁ ጋምቤላ ከተማ የሆነ ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ያላመነ የራሱ ጉዳይ።

ሪድዋናና ባሏ ኻሊድ ሁለት ፎቶ ቤት አላቸው። እሱ ኢታንግ ከተማ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ እሷ ጋምቤላ ታትማለች። ፎቶው የሚመጣላት በፍላሽ ነው፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ። ያውም ከነቫይረሱ!

እንቅልፍ የነሳት ግን ቫይረሱ አልነበረም። ኻሊድ ነው። ኢታንግ ውሎ ሲመጣ ብቻውን ይስቃል።

ምን ያስቀዋል?

ቅናቱ ሲያንገበግባት ኮምፒውተር የሚሠራውን ጩዎልን ጠራችው።

"ሁለቱን ኮምፒውተር አገናኝልኝ። በቀላሉ መንገድ።"

"አንዱ ፕሮግራም የመረጥሽውን ብቻ ይልካል" አላት። "ይሄኛው ግን ቀላል ነው። ሁለቱን ፎልደር እኩል ያደርጋል። እዚያ ያለው እዚህ ይመጣል። እዚህ ያለውም እዚያ ይሄዳል። መምረጥ አያውቅም እሱ።"

"እዚያ ያለው ሁሉ ይምጣልኝ! እሱን ነው የምፈልገው።"

ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

በማግስቱ ሙቀቱ አናት ይበሳል። የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ፣ አረንጓዴ ሻሿን አውልቃ ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። ኻሊድ ለኢድ የገዛላት ነው።

ጢንግ...

አንድ ፎቶ መጣ።

ሴት ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

ጉርድ ፎቶ በጀርባ ማን ይነሳል?

የሪድዋና ደም ፈላ። "የማናት ደግሞ ይቺ!" ብላ ሰረዘችው።

ተመልሶ መጣ... ሴትየዋ አሁን በግማሽ ዞራለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች።

ሪድዋና ወንበሩን በእጇ ዳበሰች።

ሻሹ የለም።

ኻሊድ ጋ ደወለች።

"ማናት እሷ?"

"የቷ?"

"አታሞኘኝ! አጠገብህ ያለችው!"

"ሪዱ... ማንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም እኮ። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም።"

ከዚያ በሹክሹክታ...

"ቆይ... ወንበሩ ላይ..."

ስልኩ ተቋረጠ።

ጢንግ...

ኻሊድ ነው። ሴትየዋን አቅፎ ይስቃል። ለሪድዋና እንደዚያ ስቆላት አያውቅም። አለቀሰች።

ከዚያ ነው ከኋላቸው ያለውን ያየችው። ቀይ መጋረጃ።

የኢታንጉ ሱቅ መጋረጃ የለውም፤ ግድግዳው ነጭ ነው። ቀይ መጋረጃው ያለው ጋምቤላ ነው። የእሷው ሱቅ።

ቀስ ብላ ቀና አለች...

ፊት ለፊቷ ነጭ ግድግዳ ነው።

ወደ በሩ ሮጠች። ከውጭ ተቆልፏል። አምፖሉ ጠፍቷል፤ ኮምፒውተሩ ብቻ ይበራል።

ኻሊድ ጋ ደወለች። አንዲት ሴት አነሳችው።

"ሃሎ?"

የሪድዋና የራሷ ድምፅ ነው።

ከሴትየዋ ኋላ ኻሊድ ይስቃል።