በርኖሱን ለብሰን ሠሪውን ስንንቅ

ወገኖቼ፣ ደባርቅን በማለዳ የሚያውቃት ሰው በርኖስ ለምን እንደተፈጠረ አይጠይቅም። ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ እንደዚህች ከተማ ጥርሴን ያንቀጫቀጨ ግን አላገኘሁም። ወደ ዳባት በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ለወጣቶች ሥራ ይፈጥራሉ ተብለው የተሠሩ ሼዶች አሉ። ቆርቆሯቸው ያብለጨልጫል፤ በሮቻቸው ተቆልፈዋል።

ጎረቤቴ ሻረው እንደ አባቱና እንደ አያቱ ከበግ ፀጉር በርኖስና ምንጣፍ የሚሠራ ወጣት ነው። የጭቃ ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ክረምት በመጣ ቁጥር ሥራው ይበሰብስበታል። ስለዚህ ከሼዶቹ አንዱን ጠየቀ። ዝናቡ ሳይገባ ካላገኘ፣ እንደ እኩዮቹ ቆላ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ከመሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ስለ ክልሉ የኢንዱስትሪ ዕቅድ በከተማው አዳራሽ ውይይት ሲጠራ ጉዳዩን አነሣሁ። መድረኩን የሚመራው ትዕዛዙ የሚባል ትሑት ባለሙያ ነበር።

«እትዬ፣ ሼድ የሚሰጠው በማኅበር ለተደራጁ ብቻ ነው። የበግ ፀጉር ሥራም ቅድሚያ ከሚያገኙት ዘርፎች ውስጥ የለም። ዕቅዱ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ከእኛ በላይ ያለው ራስ ዳሸን ነው፤ እርሱም በግ ሞልቶታል» አልሁት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትዕዛዙም ስቆ፣ «እሺ፣ ማኅበሩን ያምጡልኝ፤ ስለ ዘርፉ እኔ እሟገታለሁ» አለ።

ከሻረው ጋር ለመደራጀት የፈቀደ ገዱ የሚባል ሥራ አጥ ወጣት ነበር፤ እርሱ ከገባ ጓደኞቹም ይከተሉታል። ይሁን እንጂ አባቱ አቶ ያርጋል በርኖሳቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ልጄ ከባለ እጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር? ነገ የሚካኤል ጽዋ ሲደርሰኝ ማን ቤቴ ይገባል?»

«አቶ ያርጋል፣ የለበሱትን በርኖስ ማን ሠራው?»

«የዚሁ ልጅ አባት ነዋ! እጁ ወርቅ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።»

«ታዲያ ሲለብሱት ንጹሕ የሆነ፣ ሲሠሩት በምን ረከሰ?»

«እርስዎማ የሰው አገር ሲያዩ የራስዎን ወግ ረሱ! በርኖስ ይለበሳል እንጂ አይዛመዱትም።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሻረው ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ዞርሁ። ሁሉም በክብር አስገቡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ በቀልዴም ሳቁ፤ ልጁን ለማኅበሩ የሚሰጠኝ ግን አልተገኘም። ከተማርሁትም ከተጓዝሁትም አንዱ እንኳ አልጠቀመኝም።

ዝናቡ ገባ። ሻረው የሽመና ዕቃውን ለማገዶ ሰጠ። በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይሠሩ የተከለከሉት ሁለቱ ልጆች፣ በአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ሊወርዱ ተዘጋጁ። አቶ ያርጋል መናኸሪያው ድረስ እያለከለኩ ደርሰው በርኖሳቸውን በመስኮት ዘረጉ።

«ገዱ፣ እንካ ልበሰው።»

«አባ፣ የምሄደው ቆላ ነው፤ በርኖስ ምን ያደርግልኛል?»

ሽማግሌው በርኖሱን እንደታቀፉ አውቶቡሱ ከዓይናቸው ተሰወረ።

ወገኖቼ፣ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች በጋችንንና ባለሙያችንን ሳያዩ ሕንጻ ቢያቆሙ፣ የሚያቆሙት ቆርቆሮ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የገዛ እጃችንን ጥበብ ከናቅን፣ የተሻለ ዕቅድ ቢወጣም የሚሠራበት ሰው አይገኝም። ሥራ ፈጣሪን ከሩቅ ከመጥራታችን በፊት ጎረቤታችንን አናሳድ።

ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አስቀድመው እጃቸውን ያነሡት አቶ ያርጋል ነበሩ።

«በበግ ፀጉር የሚሠሩ ልጆች ሼዱን ያግኙ። የማንም ልጅ ከማንም ልጅ ጋር ይሥራ፤ ማኅበርተኞቼ ጽዋውን ቢከለክሉኝም ይከልክሉኝ» አሉ።

ትዕዛዙ ደስ አለውና፣ «መልካም አባቴ፤ ዘርፉንም አስፈቅጃለሁ። ሙያውን የሚያውቀው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አዳራሹን ቃኘሁት። ሁላችንም በርኖስ ለብሰናል። ሠሪው ግን ቆላ ወርዷል።