አንዱዓለም ያልሰጠው ቃል

«እንዴት ተገናኛችሁ?» ለሚለኝ ሁሉ በዝናብ እላለሁ። ዘፈን ላይ እንዳለው ዓይነት ዝናብ ግን እንዳይመስላችሁ። ከሳንጃ ወዲያ ገጠር ውስጥ ሰማንያ ሦስት ልጆች ዳስ ሥር አስተምራለሁ። በግንቦት ወር የአካባቢያችን የክልል ምክር ቤት ተመራጭ አንዱዓለም ሊጎበኘን መጣ፤ ገና ሰላም ሳንባባል ዝናቡ ዳሱን ጥሶ ወረደብን። ልጆቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው ሲራወጡ፣ እሱ ሱፍ ልብሱ እየራሰ ዳሱ ላይ የለበሰውን ላስቲክ አንድ ጫፍ ወጥሮ ቆመ። ሌላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«በየዓመቱ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ዘንድሮ እርስዎ ስላሉ ቀለል ብሏል» አልኩት። ንዴቴ ነው የተናገረው። እሱ አላኮረፈም፤ ትክ ብሎ አየኝ። ምን ልዋሻችሁ፣ ያ አስተያየት ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ዓመት ሙሉ ተዋደድን። የሕዝብ አቤቱታ እሰማለሁ ብሎ ሳንጃ ይመጣና የኔን ብቻ ሰምቶ ይመለስ ነበር።

በዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ጎንደር አራዳ ወዳለው የአባቴ ቤት ሦስት ሽማግሌ ላከ። አባቴ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር የጫነች መኪናቸው የሳንጃ መንገድ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ትቀርባቸዋለች። የዘንድሮው በጀት ደግሞ ወይ ለመንገዱ ወይ ለኔ ትምህርት ቤት ግንባታ እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። አባቴ ለሽማግሌዎቹ እቅጩን ነገሯቸው፤ አንዱዓለም ለመንገዱ ድምፁን ይስጥ፣ እኔም ልጄን እሰጣለሁ አሉ።

ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ከሦስቱ አንዱ፣ የአንዱዓለም አጎት አያ ወልደኢየሱስ፣ እሱን ሳይጠይቁ «ይሁን፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ተመረቀ፤ የቀለበቱም ቀን ለመስከረም ተቆረጠ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

አንዱዓለም ሲሰማ ክው አለ። ለትምህርት ቤቱ ቢቆም አጎቱን በስተርጅና ቀጣፊ ሊያሰኝ ነው፣ እኔንም ሊያጣ ነው። ለመንገዱ ቢቆም ተማሪዎቼ ሌላ ዓመት ዳስ ሥር ሊበሰብሱ ነው። የምክር ቤቱ ቀን እስኪደርስ ሁለታችንም እህል አልበላ አለን።

ምክር ቤቱ ድምፅ በሚሰጥበት ጠዋት ከባሕር ዳር ደወለልኝ።

«እናኑ፣ ምን ላድርግ?»

የልጆቹ ፊት ድቅን አለብኝ። ቀጥሎ የመስከረሙ ቀለበት ድቅን አለብኝ። ፈራሁ።

«ለመንገዱ ስጥ» አልኩት።

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ?» አለና ዘጋው።

ጎንደር አባቴ ቤት ነበርኩና፣ ከሰዓት በኋላ ንግግሩን ከሳቸው ጋር በሬዲዮ ሰማነው። አገር በንግድ እንደሚያድግ፣ ሰሊጡም መንገድ እንደሚፈልግ አልካደም። ያን ሰሊጥ ነገ የሚነግደው ልጅ ፊደል ሳይለይ ከቀረ ግን መንገዱ የሚጠቅመው ሌላውን ነው አለ፤ ድምፁንም ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። አባቴ ሬዲዮውን ዘጉት። ማታ ራት አልቀመሱም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጉድ በሉ፣ አንዱዓለም ያለ ሽማግሌ ብቻውን በራችን ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ድፍረት በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም።

«አያ አስናቀው፣ ቃል የገቡልዎ አጎቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። እሳቸውን አይቀየሟቸው። እንደሰማሁ መጥቼ አለመናገሬ የኔ ጥፋት ነው።»

«ቃል ለሚያጥፍ ቤት ልጄን አልሰጥም» አሉ አባቴ።

ሴት ልጅ ስለራሷ ጋብቻ አባቷ ፊት አፏን አትከፍትም። እኔ ከፈትኩ።

«አባባ፣ ለመንገዱ ስጥ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ለኔ ብለሽ?»

«አይደለም። እሱን እንዳላጣ ብዬ ነው። ተማሪዎቼን ሸጬ ነበር፤ እምቢ ያለኝ እሱ ነው።»

አንዱዓለም አቀርቅሯል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። አባቴ የሚያዩት እሱን ሳይሆን እኔን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አንቺን እንኳ እምቢ ካለ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔን እሺ ይለኛል ብዬ መጠበቄ ሞኝነት ነው።» ወደ እሱ ዞሩ። «ስማ፣ ለከርሞ መንገዱን እንዲሁ ችክ ብለህ ካልጠየቅህልኝ፣ አማች ነኝ ብለህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

አንዱዓለም አማች መባሉን ልብ ያለው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ግን ወዲያው ሰምቼው ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።