በድራማው ውስጥ የሌለችው ሴት

ድራማው ሊያልቅ አራት ክፍል ቀርቶት ነበር። ሚዛን ሃያ ሁለቱን ክፍል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከእናቷ ጋር አንድም ሳታስቀር አይታለች። ሶፋው ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ እናቷ ከቀኝ ጫፍ፣ እሷ ከግራ ጫፍ፣ መሃሉ ባዶ። ጭኗ ላይ ደብተር አለ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን ስንቴ እንዳየ ትጽፍበታለች። ሚዛን ብለው ስም ያወጡላት የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሳትለካ የምታምነው ነገር የለምና።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ወጣት ለምርመራ ደም ሊሰጥ ላቦራቶሪው መጣ። ክንዱን ዘርግቶ፣ መርፌውን ላለማየት ጋዜጣ ላይ አፈጠጠ። የተገለጠው ገጽ የድራማ ሂስ ዓምድ ነበር።

«እሱን አይመኑት» አለችው ክንዱን እያሰረች። «ጸሐፊው ድራማውን አላየውም።»

«በምን አወቅሽ?»

«የድራማው ነርስ በሃያኛው ክፍል ምርር ብላ አለቀሰች ይላል። አላለቀሰችም፤ ፊቷን ታጥባ ነው የወጣችው። ውሃና እንባ የማይለይ ሰው ምኑን ሃያሲ ሆነ?»

ወጣቱ መርፌውን ረስቶ እሷን አያት። «ጸሐፊው እኔ ነኝ» አለ።

መርፌውን በትክክል አስገባች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ።

«እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የድራማውን ጽሑፍ አስቀድመው ይልኩልኛል፤ እሱን አንብቤ ነው የምተቸው። ቤቴ ቴሌቪዥን የለም።»

«እኛ ቤት አለ» አለች። ይህን ለምን እንዳለች ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች፤ አልደረሰችበትም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሃያሲው መሃል ተቀመጠ። እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የኔ ልጅ፣ ቴሌቪዥን የሌለው ሃያሲ? አፍንጫ የሌለው ሽቶ ሻጭ በለኛ!»

ከት ብሎ ሳቀ። ሚዛንም ልትስቅ ብላ ተወችው።

ግራ መጋባቷ ከዚያ ምሽት ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መጣ፤ በሁለተኛው ሃያ፤ በሦስተኛው ሃምሳ። ለድራማው የሚሰጠው ነጥብ ግን ከአሥር አምስት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። «ፍቅራቸው አያሳምንም» ብሎ ይጽፋል። ታዲያ ይህን ያህል ካስጠላው ምን ያስሮጠዋል?

«እማ፣ የሚመጣው ለድራማው ነው ወይስ…»

«ወይስ ምን?»

«ምንም።»

መልሱን የምታገኝበት ጊዜ እያለቀ ነበር። ድራማው ሲያበቃ ምን ብሎ ይመጣል? ይህን ደብተሯ ላይ አልጻፈችም፤ ግን ከልቧ አልወጣም።

የመጨረሻው ክፍል አለቀ። በሩ ላይ ተያዩ።

«አለቀ» አለ።

«አለቀ» አለች።

ኮቱን አዛንፎ ቆልፎ፣ እንደዚያው ወጥቶ ሄደ።

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። ከአሥር ዘጠኝ! «ከሃያ ስድስቱ ክፍል ያሳመነኝ አንድ ትዕይንት ነው» ይላል። «አንዲት ሴት እርሳሷን በጥርሷ ይዛ፣ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፍና፣ የሰው ስህተት ትመዘግባለች። እሷን ለማየት ዕድሜ ልኬን በተቀመጥኩ።»

ሚዛን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ደብተሯን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። እንዲህ ያለ ትዕይንት የለም። አራት ማክሰኞ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ለካ አሁንም አላየም!

በምሳ ሰዓት ጋዜጣው ቢሮ ገባች። አዘጋጁ ገና ሲያያት ስልኩን አስቀመጠ።

«አንቺም ስለዚያች እርሳስ ስለያዘችው ሴት ነው? እስካሁን አሥራ ዘጠኝ አንባቢ የለችም ብሎ ደውሏል!»

ሃያሲው መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተነሣ። ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችው።

«የለችም! የትኛውም ክፍል ላይ የለችም። ምን እያየህ ነው የከረምከው?»

ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለ። እሷ ገጹን ልታሳየው እርሳሷን በጥርሷ ያዘችና በሁለት እጇ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረች።

አዘጋጁ እሷን አየ፤ ጋዜጣውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ።

«አገኘኋት!» አለ።

 ሚዛን እርሳሱን ከአፏ አውጥታ የጥርሷን ምልክት ተመለከተች። የምትጽፈው ጠፋት።

«ለምን… ለምን አልነገርከኝም?»

«ድራማው እያለ እንዳልረብሽሽ ብዬ። ሲያልቅ ደግሞ ፈራሁ።»

«ለከተማው ሁሉ ነግረህ እኔን ፈራህ?»

«ከተማው እንዳንቺ አያርመኝማ!»

ሳቋ አመለጣት። «ማክሰኞ በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር የለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በጊዜ ና።»

ጋዜጣው ቅዳሜ ሁለት መስመር እርማት አወጣ፤ እርሳስ የያዘችው ሴት በድራማው ውስጥ የለችም ይላል። በዓመቱ ተጋብተው ባለሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ፤ ከደጃፉ እስከ ላቦራቶሪው በእግር አሥራ አንድ ደቂቃ፣ እስከ ጋዜጣው ቢሮ አሥራ አራት ደቂቃ ያስኬዳል።