ለሲግሪድ የተሰጠው ሦስት መቶ ግራም

ክሌይተን ከራሱ መሣሪያ ላይ ሦስት መቶ ግራም ቀንሶ ለሲግሪድ ካሜራ መስጠቱን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈቀደው ክብደት በግራም የተቆጠረ ስለሆነ ይህ በእኛ ሥራ ቀላል ነገር አይደለም። ሂዩስተን ውስጥ ወደ ጨረቃ የሚላክ ዕቃ የሚሠራ ሰው ኩላሊቱን ይሰጥሃል እንጂ ግራሙን አይሰጥህም።

ዊላ እባላለሁ። ጨረቃ ላይ በሚያርፍ የአንድ የግል ድርጅት መንኮራኩር ላይ የትኛው የምርምር መሣሪያ በየትኛው ጎን እንደሚታሰር በሥዕል የማወጣው እኔ ነበርኩ። ክሌይተን ደግሞ የጨረቃን አፈር ሰርስሮ ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ ይሠራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወድጄዋለሁ፤ አንድም ቀን አልነገርኩትም። ካሜራውን የምትሠራው ሲግሪድ ከሚኒሶታ የመጣች፣ ስትስቅ ጥርሷ የሚያምር ሴት ናት። ጥርሷን ሳይቀር ጠልቼው ነበር።

«ለምን ሰጠሃት?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ምሳ ሰዓት ላይ አብረው ቆመው ሲስቁ አየኋቸው። ትከሻዋን እንኳ አልነካትም። ቢነካት ይሻለኝ ነበር፤ ቁርጤን አውቀው ነበር።

ቢሮዬ ገባሁና በሥዕሉ ላይ ካሜራዋን ከክሌይተን መሣሪያ ጎን ነቅዬ ከመንኮራኩሩ የኋላ እግር አጠገብ ወሸቅኩት። ለውጥ ያደረገ ሰው ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ነው። «የቀድሞው ቦታ ሙቀት ስለሚበዛበት» ብዬ ጻፍኩ።

እያንዳንዱ ለውጥ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ዐሥራ ሰባት ሰዎች ታኮ የሚባለውን የሜክሲኮ ጥቅል ቂጣ እየበላን ተቀምጠን፣ አለቃችን ሚስ ኦፓል ወረቀቱን አነሡ።

«ካሜራው ወደ ኋላ ሄዷል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ለውጡ የዊላ ነው።»

ክሌይተን ቀና አለ። «ከኋላ ሆኖማ የእኔን መሣሪያ አያየውም።»

«ማየት አለበት እንዴ?» አልኩ።

«ታዲያ ግራሜን የሰጠሁት ለምን መሰለሽ? መሰርሰሪያዬ አፈሩ ውስጥ መግባቱን የሚያሳየኝ ሌላ ነገር የለም። መግባቱን ካላወቅኩ የምለካው ሁሉ ከንቱ ነው። ስድስት ዓመት ለፍቼበታለሁ፣ ዊላ።»

«ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ነው?» አለች ሲግሪድ በትሕትና። «ምናልባት ሙቀቱን እንዲችል ካሜራውን ላስተካክለው እችላለሁ።»

ደግነቷ ባሰብኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ የጠጣሁት ግን ውሃ ነበር።

«ዲግሪ የለውም» አልኩ። «ሙቀትም የለም። ቀንቼ ነው።»

ሚስ ኦፓል መነጽራቸውን አወለቁ። «በምን ቀናሽ?»

«ክሌይተን ለሲግሪድ ግራም ስለሰጣት።»

አንዱን ታኮው ትን አለው። የክሌይተን ጆሮዎች ቀሉ።

«ካሜራው ወደ ቦታው ይመለስ» አሉ ሚስ ኦፓል። «ሥዕሉን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይይዘዋል። አዝናለሁ፣ ልጄ።»

አልተከራከርኩም፤ የሚገባኝ ነበር። ሲግሪድን ይቅርታ ጠይቄያት ወጣሁ። የመኪና ማቆሚያው በፀሐይ ግሏል። ክሌይተን ከኋላዬ ደረሰብኝ።

«የስድስት ዓመት ልፋትህን ገደል ልከተው ነበር» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

«ልትከቺው ነበር» አለ። ነገሩን አላቀለለልኝም።

ቀጥሎም «በጣም ተናድጃለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እኔ ዓመት ሙሉ እወድሻለሁ ለማለት ስፈራ ከርሜ፣ አንቺ ዐሥራ ሰባት ሰው ፊት ቀደምሽኝ።»

እንባዬ መጣ። የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወስዶ በሩን ከፈተልኝና ዞሮ ከጎኔ ተቀመጠ።

«ስለ ካሜራው ገና አልታረቅንም» አለኝ። እጄን ግን ይዞ ነበር።