ከወንበሩ የሚነሳ የለም

ሬሳው የሜዳው ሸራ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ፣ በፈነዳ የኖራ ከረጢት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን የመታው የእንጨት መዶሻ እግሩ ሥር ወድቋል፤ ኖራው በኖ ግድግዳውን እስከ ሰው ደረት ድረስ አንጥቶታል። ሟቹ የተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጃሹባይ ትሪቬዲ ነው። ውጭ ግን የካልያንፑራ ሰው ከበሮውን ይደልቃል፤ ቡድኑ ሰባተኛ ጨዋታውን አሸንፎ ለክልሉ የሃያ ዙር ክሪኬት ፍጻሜ አልፏል። ሰብሳቢው ሞተ ሲባሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከበሮውን አቆሙ። ከዚያ ቀጠሉ።

ኢንስፔክተር ደማያንቲ ጃላ ክሪኬት አትወድም። ክሪኬት የሚያስተዳድሩትን ደግሞ ጭራሽ ዓይናቸውን ማየት አትፈልግም።

«ገዳዩ ተይዟል ማዳም» አለ ምክትሏ ዶዲያ ደረቱን ነፍቶ። «ሜዳ የሚያጠጣው ጄታ ነው። መዶሻው የሱ፣ መጋዘኑም የሱ።»

«ምን በደለው ብሎ ገደለው?»

«ድሃ አይደል? ምክንያት አያጣም።»

«አንተም ጅል ነህ፤ እኔ ግን በዚህ አላሰርኩህም።»

ጄታ ራሱ ሠላሳ ዓመት በገፋው የሜዳ ዳምጠው ላይ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ወረዳው እስር ቤት ሊወስደው ነው። እዚያ ደግሞ ጠበቃ የሌለው ሰው አንዴ ከገባ የሚያስታውሰው የለም። ደማያንቲ ጥቁር ካኔተራውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ላብ እንጂ የኖራ ብናኝ አልነበረበትም።

«አባባ፣ ማን ገደለው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ሜዳው ዳር ውሃ ሳጠጣ ነበር» አለ ሽማግሌው። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ፤ ሳሩን ማታ ማታ ያጠጡት። በዚህ ፀሐይ ለፍጻሜው አይደርስም።»

ሊሰቅሉት ገመድ ለሚያዘጋጁለት ሰዎች ሣር ያስባል!

የቡድኑን አምበል ዲግቪጃይን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ሰብሳቢው መጋዘን ሲገባ የታየው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አስከሬኑ የተገኘው በአሥር። በዚህ መሃል ከእናንተ ማን ወጣ?»

«ማንም። መቺዎቻችን ጃይራጅና ጓደኛው ሰባ አንድ ነጥብ እስኪያስቆጥሩ ከወንበሩ የተነሳ የለም። ሁለት መቺዎች ከቀናቸው እኛ ዘንድ ማንም አይንቀሳቀስም። ሽንት እንኳ ይያዛል።»

«ለምን?»

«ገድ ነው ማዳም። ሰው ከተነሳ መቺው ይቃጠላል፤ ከጨዋታ ይወጣል።»

«የተማርክ ትመስለኝ ነበር።»

«ኢንጂነር ነኝ» አለ ቅር ብሎት።

አሠልጣኙ ኪሪት ጎሂል የመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። የለበሰው ነጭ ሸሚዝ የመተጣጠፊያ መስመሩ እንኳ አልጠፋም።

«እኔም ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። ክፍሉ ሙሉ ምስክር አለኝ» አለ ሳትጠይቀው። «ጃሹባይ እንደ ወንድሜ ነበር።»

«ለፍጻሜው ያዘጋጀው ዝርዝር ከኪሱ ተገኝቷል። አሠልጣኝ በሚለው ቦታ ያንተ ስም የለም።»

ሻዩ ትን አለው። «የጽሕፈት ስህተት ይሆናል» አለ።

ከጀርባው ግድግዳው ላይ የስድስት ድሎች ፎቶ ተለጥፏል። ደማያንቲ ቀስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። በስድስቱም ጎሂል መሃል ላይ ቆሟል፤ በስድስቱም የለበሰው ያው ቢጫ ሸሚዝ ነው። የብብቱ ላብ ብቻ ከጨዋታ ጨዋታ እየሰፋ ሄዷል።

የተቃጠለው መቺ ጃይራጅ ጥግ ላይ አኩርፎ ጫማውን ይፈታል።

«ኳሷ አታለለችህ?» አለችው።

«ኳሷ ምን ታድርግ! እነሱ ገዴን ካበላሹብኝ…» አለና አምበሉን አይቶ አፉን ያዘ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ጄታንም ዶዲያ ከነገመዱ አምጥቶ በር ላይ አቆመው።

«ሁላችሁም ጨዋታው ላይ በተቀመጣችሁበት ተቀመጡ» አለች። ተቀመጡ። ጎሂልም መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ማን ተነሳ ብዬ ስጠይቅ ማንም አልተነሳም አላችሁ። አሁን ሌላ ልጠይቅ። ጃይራጅ ሲቃጠል ማንን ሰደባችሁ?»

ተጫዋቾቹ ወደ አምበላቸው ዞሩ።

«መቺ የሚቃጠለው ሰው ሲነሳ ነው ብላችሁኛል። ታዲያ ከጓደኛው ጋር ሰባ አንድ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው በማን ምክንያት ተቃጠለ? ወይስ ጃይራጅ መምታት አይችልም?»

«እኔ ነኝ የማልችለው?» ጃይራጅ ብድግ አለ። «እሱ ነው እንጂ! ወጥቶ ሸሚዙን ቀይሮ መጣ! ስድስት ጨዋታ ያሸነፍንበትን ሸሚዝ! ገና በሩን ሲያልፍ ተቃጠልኩ!»

«ዝም በል» አለ አምበሉ። ግን ነገሩ ከአፍ ወጥቷል።

«ሰማህ ዶዲያ?» አለች ደማያንቲ። «ይሄ ሰው ሙሉ ውድድሩን ሸሚዙን ለሳሙና አላሳየውም። ጨዋታው ሳያልቅ ያስወለቀው ምንድን ነው? ከረጢቱ ሲፈነዳ ኖራው ቆሞ በነበረው ሰው ደረት ላይ በኗል። የጄታ ጥቁር ካኔተራ ንጹሕ ነው።»

«አላብቶኝ ነው የቀየርኩት» አለ ጎሂል።

«እሺ። የት ጣልከው? ብልህ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ያቃጥለው ነበር፤ መሃከለኛው ያጥበዋል። አንተ ግን ከነገ ወዲያ ፍጻሜ አለህ፤ ገድህን አታጥብም።» ወደ ወንበሩ ሄዳ ከሥሩ ቦርሳውን ጎተተች። ጎሂል ሊይዛት ተንደረደረና ዶዲያ ከመንገድ አስቀረው።

ቢጫው ሸሚዝ ከታች፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። ደረቱ በኖራ ነጥቷል፤ እጅጌው ላይ ደም ደርቋል።

«ዋንጫውን ሌላ ሊያነሳው ነበር» አለ ጎሂል መሬት መሬት እያየ። «ሰባት ጨዋታ ያሸነፍኩት እኔ!»

«እናንተስ?» ደማያንቲ ወደ ተጫዋቾቹ ዞረች። «መውጣቱን ታውቁ ነበር። ይሄ ሽማግሌ ታስሮ እያያችሁት።»

«ፍጻሜው እስኪያልፍ ብቻ ብለን ነው ማዳም» አለ አምበሉ። «ከዚያ እንናገር ነበር።»

በገዛ እጇ የጄታን ገመድ ፈታች። ሽማግሌው የእጁን አንጓ እያሻሸ ወጣ፤ አምበሉ ከኋላው ተከተለው።

«አባባ፣ አይቀየሙን። ሜዳው እኮ… ከነገ ወዲያ ፍጻሜ ነው።»

ጄታ ቆመ። የውሃውን ጎማ ከሣሩ ላይ አነሳና መጥቶ በአምበሉ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

«ማታ ማታ ነው የሚጠጣው» አለው። «እስኪርስ ድረስ ከቦታህ እንዳትነሳ።»

ከዚያ ጫማውን አድርጎ በትልቁ በር ወጣ፤ ወደ ቤቱ ሄደ።