እማማ የሹመቤትን የመረቀው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ! መብራቱ እንደሆነ ሄዷል። አንቺ፣ ስልክሽን ወዲያ አድርጊና ስሚኝ።

የቡሄ ማታ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት። ጨለማ፣ ጭቃ፣ በወንዙ ዳር የሚወርድ ቀጭን መንገድ። ማን ይሄድበታል? አንለይ! ብቻውን!

አንለይ የዚያኑ ዕለት ከከተማ ቴፕ ይዞ የመጣ ጎረምሳ ነው። ያኔ ቴፕ ብርቅ ነበር። አባቱ ጋሽ ደምለው የመንደሩ ሆያ ሆዬ አውራጅ ናቸው፤ አያቱም እንደዚያው።

"ልጄ፣ ቡሄ እኮ በጉሮሮ ነው" አሉት።

"አባባ፣ ጉሮሮ ድሮ ቀረ። ይኼ ሳይደክመው ያድራል።"

ጓደኞቹ ደግሞ "እኛ ከሣጥን ጋር አንዞርም፤ ሂድ ከሙሽራህ ጋር!" ብለው ሳቁበት። "እሰይ! ሙልሙሉን ብቻዬን እጠግባለሁ" ብሎ ወጣ። ሆዳም! አያስጠላም?

ወንዙ ዳር የእማማ የሹመቤት ቤት አለ። በየቡሄው ሙልሙል ጋግረው ይጠብቃሉ። ሐምሌ ላይ መቀበራቸውን ለአንለይ ማን ነገረው? ማንም!

መጀመሪያ ጭስ ሸተተው። ቀጥሎ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን አየ። ቴፑን ከፈተው፤ ቴፑ ሆያ ሆዬ አለ። በሩ ገርበብ አለ። እጅ ወጣ። እጅ ብቻ! ሙልሙል ይዟል።

አንለይ ገመጠ። ይለሰልሳል። ትንሽ ቆየና አፉ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ምን ይመስላችኋል? ትል! ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚርመሰመስ ትል! እንትፍ! ኧረ እናንተም እንትፍ በሉልኝ!

ሊሮጥ ሲል እጁ ክንዱን ያዘው። ቆዳው እንደ ወተት ስልባቦት እየተላጠ ይለጠፍበታል።

"ሙልሙሌን በልተህ ሳትመርቀኝ?"

"ቴፑ... ቴፑ ይመርቅዎታል፣ እማማ!"

"የሣጥን ምርቃት አይደርሰኝም። የራስህን አምጣ።"

"ዓመት ዓውዳመት ይድገምዎ!"

"አሜን። ድገመው።"

"ዓመት ይድገምዎ!"

"አሜን። ድገመው።"

ቡሄ ለምን በቡድን የሚዞር ይመስላችኋል? አርባ ሰው ሲመርቅ ዓመቱ ከየሰዉ ቅንጣት ቅንጣት ይዋጣል። ብቻውን የመረቀ ከየት ያመጣል? ከራሱ ነዋ!

በየአሜኑ አንድ ጥርሱ ይረግፋል። እሳቸው ደግሞ፣ ይቅር በለኝ፣ የረገፈውን ከነምራቁ ከጭቃው ለቅመው ድዳቸው ላይ ይሰኩታል! ጥርሱ አለቀ፤ እሳቸው ግን አልጠገቡም። "ድገመው!"

ዶሮ ሲጮኽ ለቀቁት። እየተጎተተ ቤቱ ደረሰና በሩን መታ። "አባባ" ሊል ሞከረ፤ በዚያ ባዶ አፍ ማን ይሰማዋል?

ጋሽ ደምለው ፋኖስ ይዘው ወጡ። ከፍ አድርገው ፊቱን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት።

"ይግቡ፣ አባቴ። በዚህ ዕድሜዎ ሌሊቱን ብቻዎን? ምነው፣ ልጅም የለዎት?"