ተዘዋዋሪ ዴስኮች

የንብረት ክፍል ኃላፊው ደግፌ አዲስ ናቸው በተባሉ ዴስኮች ሥር ተጨፍልቆ ሲገኝ፣ ከዲምቱ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ትምህርት ቤት ገዳይ ለመምረጥ ጊዜ አላባከነም። ሬሳውን ቀድሞ ያየው ዘበኛው ጩማ ነበር፤ ድሃም ነበር፤ ስለዚህ ፖሊስ እስኪደርስ በገመድ ታስሮ ዋለ።

ኢንስፔክተር ብሩክታይት ከሶዶ እንደደረሰች ርዕሰ መምህሩ መክብብ ተቀበላት። በዚያ የቆላ ሙቀት ካፖርት ደርቦ ላቡ ይንቆረቆራል።

«በረደዎት?»

«ወባ ነው። ይልቅ ነፍሰ ገዳዩን ውሰጂና ገላግይን። ሰኞ የበጀት ገምጋሚዎች ይመጣሉ።»

«ዴስኮቹስ?»

«በመንግሥት ድጎማ የተገዙ ናቸው። ትናንት ከሰዓት ከአረካ ገቡ። ከተራገፉ ወዲህ እዚያ ክፍል አልረገጥኩም።»

ብሩክታይት እጇን በአንዱ ዴስክ ሥር ሰደደች። ድንጋይ የሆነ ማስቲካ ነካች። በላይ በኩል ቫርኒሹ ገና ይጣበቃል፤ አንዱ መቀመጫ ላይ ሰው የተቀመጠበት ቅርጽና ግራጫ የጨርቅ ክር ቀርቷል።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ቦሼ ስትጠየቅ ገነፈለች።

«ምናቸው ነው አዲስ? ባለፈው ወር ቢጠና ባለው ትምህርት ቤት ለገምጋሚ የታዩት እነዚሁ ናቸው! ትናንት አመሻሽ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቫርኒሽ አስቀባቸው። ደግፌ ‹ተረከብኩ ብዬ አልፈርምም› ብሎት ተጯጯሁ።»

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ብሩክታይት ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«እስቲ ጀርባችሁን ስጡኝ።»

መምህራኑ ሳቃቸውን ውጠው ዞሩ። ጩማም፣ ቦሼም ዞሩ። መክብብ አልዞረም።

«ነውር ነው!»

«ካፖርቱን።»

ፖሊሱ ገለጠው። የግራጫ ሱሪው መቀመጫ እንደ ዴስኮቹ ያብረቀርቃል።

«ማስቲካ የተለጠፈበት አዲስ ዴስክ የለም» አለች። «ድጎማው ተበልቶ እነዚሁ አሮጌ ዴስኮች ለገምጋሚ በየትምህርት ቤቱ ይዞራሉ፤ ደግፌ ይህን አውቆ አልፈርምም አለ። ክምሩን የገፋበት ሰው ቫርኒሹ ሳይደርቅ እዚህ ለማረፍ ተቀመጠ። የጩማ ሱሪ ተጥፏል እንጂ ጠብታ ቫርኒሽ የለበትም። እርስዎ ግን ከተራገፉ ወዲህ እዚህ ክፍል አልረገጥኩም ብለዋል። ቤትዎ ሶዶ ነው፤ እዚህ ቅያሪ የለዎትም፤ ካፖርት ደረቡ።»

መክብብ ሳቀ። «እሰሪኛ! ዴስኮቹ ማስረጃ ተብለው ከተወሰዱ፣ ሰኞ ገምጋሚዎቹ ልጆቹን መሬት ላይ ሲያዩ ያለፈው ድጎማ የት ገባ ይላሉ። የቀጣዩ ዓመት ይቀራል። ሕዝቡ የሚረግመው አንቺን ነው።»

መምህራኑ አቀረቀሩ።

ገመዱ የተፈታለት ጩማ ግን ወደ መክብብ ተጠጋ።

«የኔ ልጅ አሁንም ድንጋይ ላይ ነው የምትቀመጠው» አለ። «እሱንም ዴስኮቹንም ይውሰዱልን፣ እመቤቴ። ገምጋሚዎቹም ይምጡ። ድንጋዩን ይዩት።»